ሰብዉፈርና ትንንሽ ስፒከሮች አልስማማ አሉኝ፤ ባሱ አንዳንድ ኖታ ላይ ብቻ ያንጎደጉዳል

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ቤተሰብ። ሳሎኔ 4 በ3.2 ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ባለ 4 ኢንች ትንንሽ ስፒከሮች፣ አነስተኛ ክላስ ዲ አምፕና የራሱ አምፕ ያለው ባለ 8 ኢንች ሰብዉፈር (ሰብ፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) አለኝ። አምፑ የሰብ መውጫ ስለሌለው ከቲቪው የሄድፎን መውጫ በስፕሊተር ከፍዬ አንዱን ለአምፑ፣ አንዱን ለሰቡ ሰጥቻለሁ። ሰቡ ጥግ ላይ ነው፤ ክሮስኦቨሩ (ሰቡ እስከ የትኛው ድምፅ እንደሚጫወት የሚወስነው ማስተካከያ) 150 ኸርዝ ላይ ነው። ቤዝ ጊታሩ አንዳንድ ኖታ ላይ ቤቱን ያንቀጠቅጣል፣ ሌላው ኖታ ሶፋው ጋ ጭራሽ አይሰማም። የወንድ ድምፅ ከጥጉ የሚመጣ ይመስላል። ከታች ያሉት ጎረቤቴም ቅር ብሏቸዋል። ስፕሊተሩን ትቼ ሰቡን ከአምፑ የስፒከር መውጫ ልሰር?

መልስ፣ ከጀሞ
እንዳታስር! ትንንሾቹ ክላስ ዲ አምፖች አብዛኞቹ ብሪጅድ ናቸው። በአምፑ የስፒከር መውጫ ላይ ያለው ጥቁሩ ተርሚናል ግራውንድ አይደለም፤ እሱም ሲግናል ይዟል። የሰቡ የስፒከር መግቢያ ሁለቱን ጥቁሮች ውስጥ ለውስጥ ከግራውንድ ጋር ያገናኘ ከሆነ አምፑ ሾርት ያደርጋል። ፕሮቴክሽኑ ካልያዘው ቺፑ ይቃጠላል። ሁሉንም ከሶኬት ንቀልና ቴስተሩን ቢፕ ላይ አድርገህ የሰቡን ጥቁር የስፒከር መግቢያ ከአርሲኤው (ከክቡ የድምፅ ገመድ መሰኪያ) የውጭ ቀለበት ጋር ለካ፤ በአምፑም ላይ ጥቁሩን የስፒከር መውጫ እንዲሁ። ሰቡ ላይ ቢፕ ብሎ አምፑ ላይ ካላለ ነገሩ አለቀ፣ በዚያ መንገድ አይሆንም። ስፕሊተሩ ይሻልሃል፤ የአምፑን ቮልዩም አንድ ቦታ ተወውና ከቲቪው ብቻ ጨምር፣ ቀንስ። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

መልስ፣ ከአያት
ዋናው ጥፋት ያለው ቦታው ላይ ነው። 343ን (የድምፅ ፍጥነት፣ ሜትር በሰከንድ) ለክፍሉ ርዝመት ወይም ስፋት እጥፍ ስታካፍል ክፍሉ የሚያስተጋባውን ድምፅ ታገኛለህ፦ በ4 ሜትሩ 43 ኸርዝ፣ በ3.2ቱ 54 ኸርዝ አካባቢ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41፣ ቀጥሎ ያለው 55 ነው። የሚያንቀጠቅጥህና የሚጠፋብህ ኖታ ከዚሁ ሰፈር ነው። ጥግ የተቀመጠ ሰብ ሁሉንም ማስተጋቢያ በአንዴ ይቀሰቅሳል። ሶፋው ደግሞ በክፍሉ ርዝመት ልክ መሃል ላይ ካለ 43ቱ እዚያ ይሞታል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ከመሃሉ አርቀው፣ ግን ግድግዳ ላይ አታስጠጋው።

ሰቡን ለጊዜው ሶፋው ላይ አስቀምጥ፣ ቤዙ የሚወጣና የሚወርድ ዘፈን ክፈት፣ በግድግዳው ዳር ዳር ተንበርክከህ ዙር። ኖታዎቹ እኩል የተሰሙህ ቦታ የሰቡ ቦታ ነው።

ክሮስኦቨሩን ወደ 80–90 አውርደው። ከ100 በላይ ሲሆን ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለሚለይ ነው ዘፋኙ ጥግ ላይ የቆመ የሚመስልህ። ቀጥሎ ስልክህን በቲቪው ቦታ ስፕሊተሩ ላይ ሰክተህ የ80 ኸርዝ ቶን አጫውትና ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ሌላ ሰው የሰቡን የፌዝ ማብሪያ (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጠውን) 0 እና 180 ላይ ያቀያይርልህ። ጎልቶ የተሰማው ትክክለኛው ነው። የሰቡ ቮልዩም የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ከእሱ ስለሚጀምር ነው የሚበላሸው።

ባለ 4 ኢንቹን ከከባድ ባስ ገላግለው። ወደ አምፑ በሚሄደው ቅርንጫፍ ብቻ፣ በግራም በቀኝም፣ 0.1 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር ከሲግናሉ ሽቦ ጋር በተከታታይ አስገባ። የአምፑ መግቢያ 20 ኪሎ ኦም ከሆነ መቁረጫው (ከሱ በታች ያለው ባስ የሚቀንስበት) 80 ኸርዝ ይሆናል፤ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ 0.22 አድርገው። 40 ኸርዝ ላይ 7 ዴሲቤል ያህል ይቀንስልሃል፣ ኮኑም መወራጨቱን ይተዋል። ካፓሲተሩ ፌዙን ስለሚያዛውረው የፌዙን ሙከራ ድገም።

ጠያቂ
ሰቡ ላይ ቢፕ አለ፣ አምፑ ላይ የለም፤ ስፕሊተሩ ይቆያል። ሰቡን በረጅሙ ግድግዳ ከጥጉ 1 ሜትር ያህል አራቅኩት፣ ኖታዎቹ ተስተካክለዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሙዚቃ ሳይኖርም እምም ይላል።

መልስ፣ ከቱሉ ዲምቱ
መጀመሪያ የአርሲኤውን ገመድ ከሰቡ ንቀል። አሁንም እምም ካለ ችግሩ የራሱ የሰቡ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ አብጠው ይሆናል። ዝም ካለ ገመዱን መልሰህ የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ንቀል፤ ብዙ ጊዜ የግራውንድ ሉፑ (መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከግራውንድ ሲገናኙ የሚፈጠረው እምምታ) የሚመጣው በዚያ ነው። ቲቪውን፣ አምፑንና ሰቡን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ። የኧርዙን ፒን ግን በፍጹም አትቁረጥ፤ ሕይወት ያስከፍላል።

መብራት ሲጠፋ ሰቡን ከኋላ አጥፋው፤ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ።

ጎረቤትህን በተመለከተ፣ ከሰቡ ሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ላይ ሴራሚክ አድርግ። በወለሉ ኮንክሪት የሚወርደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚያልፈውን ግን አያግደውም። ስለዚህ አንድ ቀን እሳቸው ቤታቸው ሆነው 55 ኸርዝ አጫውትና በስልክ እየጠየቅካቸው የሰቡን ቮልዩም ዝቅ አድርግ። አይሰማም ያሉህን ቦታ በማርከር ምልክት አድርግበት፤ ማታ ከዚያ አትለፍ።