ኤም ዶት ቱ ገጥሜ ላፕቶፑ አላየውም አለ፣ ምን ላድርግ?

ፎቶኮፒ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ትንሽ የፎቶኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔ አርጅቷል፣ ተማሪው ፍላሽ ሰክቶ ፋይሉ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የፋይል ማስቀመጫ) አድርጊበት ተባልኩና ባለ 512 ጊጋ፣ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ገዛሁ። ልክክ ብሎ ገባ፣ ብሎኑንም አሰርኩ። ግን ዊንዶውስም፣ ላፕቶፑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ባዮስም አያዩትም። ሻጩ «ከገባ ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ዕቃው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?

ብሎን ፈቺ፦
እህቴ፣ ቁልፍም እኮ ገብቶ አልከፍት ይላል። ኤም ዶት ቱ የቅርጹ ስም ነው። በዚያው ቅርጽ ሁለት ዓይነት ይሸጣል፦ አንዱ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ በሳታ መስመር የሚሠራው፣ ሌላው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል ፈጣን መስመር የሚሠራው ኤንቪኤምኢ። ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቦታው ቢኖርም መስመሩ የተዘረጋው ለሳታ ብቻ ነው። እስቲ አውጥተሽ ወርቃማውን ጥርስ እዪው። አንድ ክፍተት ብቻ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ሁለት ካለው በብዛት ሳታ። ላዩ ላይ የተለጠፈውንም አንብቢ፣ ከክፍተቱ ይልቅ እሱን እመኚ።

ፎቶኮፒ ቤት፦
አንድ ነው። ኤንቪኤምኢ ይላል። ወይኔ ብሬን!

የቦዬ ልጅ፦
አይዞሽ፣ መልሰሽ ለውጪው። መጀመሪያ ግን የላፕቶፑን ሞዴል ጎግል ላይ ጽፈሽ ምን እንደሚቀበል አረጋግጪ። እኔ ብሆን ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው የምወስደው፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ከወጣበት ቦታ በዚያው ሶኬት ይገባል። ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት ምናምን ያነባል፣ ሳታ ከ550 ብዙም አያልፍም፣ ግን ለወርድ ፋይልና ለፕሪንት ልዩነቱን አታዪውም። አሁን የሚያስጠብቅሽ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው መርፌ ነው፣ ፋይል ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው ጊዜው የሚሄደው። ኤስኤስዲ መርፌ የለውም።

ብሎን ፈቺ፦
ልክ ነው። ከመፍታትሽ በፊት የደንበኞችሽን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጪ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ክዳኑን ስትከፍቺ የባትሪውንም ገመድ ንቀዪ። የድሮው ዲስክ የታቀፈበትን ብረት ፈትተሽ ወደ አዲሱ አዙሪው፣ ሳታው ሲገባ ቀጥ አድርገሽ ግፊው እንጂ አታጣሚው። ዊንዶውስ በፍላሽ እንደ አዲስ ጫኚ፣ መብራት ስለማይታመን ባትሪው ሞልቶ ይሁን። የድሮውን በዩኤስቢ መያዣ አድርገሽ ለመጠባበቂያ ትጠቀሚበታለሽ።

ፎቶኮፒ ቤት፦
ለወጡልኝ፣ ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ። ገጠምኩት፣ አሁን ተማሪው ወንበር ሳይስብ ያልቃል! ግን አንድ ትንሽዬ ብሎን ተርፎኛል፣ ችግር አለው?

ብሎን ፈቺ፦
የኤም ዶት ቱው ነዋ። እዚያው ቦታው ላይ መልሰሽ እሰሪው፣ ከጠፋ መርካቶ ብትዞሪም ልኩን ማግኘት መከራ ነው።