የአያቴን የባቡር ፈረንሳይኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ላድርገው?

የለገሃር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ነው የማጠናው። ዘንድሮ የመመረቂያ ርዕስ መምረጥ አለብኝ። ጓደኞቼ ስለ ፓሪስ ደራስያን ሊጽፉ ነው። እኔ ግን ስለ አባባ መጻፍ እፈልጋለሁ።

አባባ አያቴ ናቸው። ምድር ባቡር 31 ዓመት ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ፈረንሳይኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ሳይሆን ድሬዳዋና ለገሃር ሲመላለሱ ነው። የጣቢያ ኃላፊውን «ሼፍ ደ ጋር» ይሉታል። ባቡር ሲዘገይ «አን ረታር» ነው። «ር»ን እንደ ፈረንሳዮቹ ከጉሮሮ አያወጧትም፤ እንደኛ ያንከባልሏታል። የትኬት መብሻቸውን እስከ ዛሬ በመሀረብ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ቤት ስገባ ያወጡና «ቢዬ፣ ሲልቩፕሌ!» («ትኬት፣ እባክሽ!») ይሉኛል። ያገኘሁትን ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ ቀጭ አድርገው ይበሱልኛል።

አንድ የማውቀው ሰው «ይሄ የተበላሸ ፈረንሳይኛ ነው፣ ለጥናት አይሆንም» አለኝ። በጣም ከፋኝ። አባባ 88 ዓመታቸው ነው። ከየት ልጀምር?

ከዚራ፦
እህቴ፣ ርዕሱ ቢጸድቅም ባይጸድቅም ዛሬውኑ ቅጂያቸው። እኔ ድሬ ነው ያደግኩት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ ነው ከተማዋን የወለዳት፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አባቴም የባቡር ሰው ነበር። ከሞተ በኋላ ድምፁን ፍለጋ ቤት ያለውን ካሴት ሁሉ ገለበጥኩ። አንድም የለም።

ማስታወሻ፦
«የተበላሸ» የሚባለውን ሉዊዚያናም ሰምተውታል። አሜሪካ ውስጥ ናት፤ ፈረንሳይኛ ከ300 ዓመት በፊት ጀምሮ ይነገርባታል። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ብቻ አደረገው። ልጆች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። በ1968 ግን ግዛቲቱ ራሷ ቋንቋውን የሚያስፋፋ ምክር ቤት አቋቋመች። ላፋዬት ያለው ዩኒቨርሲቲ የሽማግሌዎቹን ተረትና ዘፈን ቀድቶ ይዟል፤ በፍራንኮፎን (የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዓለም) ጥናት እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። እዚያ ሰዉ መኪናን «ቩዋቲዩር» ሳይሆን «ሻር» ይላል። ያ ስህተት አይደለም፣ የአገሩ ቃል ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ቃሉን፣ ማን እንዳለው፣ የት ጣቢያ እንደለመደው ጻፊ። ፈቃዳቸውንም በራሳቸው ድምፅ ቅጂው ውስጥ አስቀሪ።

አዳራሽ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፈረንሳይኛውን ብቻ ነጥለሽ አታውጪ። በዚያ ፉርጎ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ ሁሉ ይነገር ነበር። ፈረንሳይኛ የአለቃ ቋንቋ ነበር። ለተሳፋሪው በየትኛው ቋንቋ ይመልሱለት እንደነበር ጠይቂያቸው። ቅርሱ ቅልቅሉ ነው። ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ሩቅ አይደለም፤ «ለገሃር» ራሱ «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) አይደል? ሹፌር፣ ቢሮ፣ ጋራዥም ከዚያው ነው።

የለገሃር ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ 40 ደቂቃ ቀዳሁ። ተሳፋሪውን ስሙን ሳይጠይቁ በአለባበሱ ለይተው በቋንቋው ያናግሩት እንደነበር ነገሩኝ። «ቡፌ ዳዋሽ» የሚሉት አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆሞ ምግብ የሚበላበት ቤት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አንድ ቃል ይመስለኝ ነበር፤ «የአዋሽ ቡፌ» ማለት መሆኑ ትናንት ነው የገባኝ። ቀጥለው ጣቢያዎቹን በቃላቸው ጠሩልኝ፦ ኤረር፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ።

ቀረጻውን መልሼ አሰማኋቸው። ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ደቅነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «አፍደምን ዘለልኳት፤ ክፈቺው፣ እንደገና ልናገር» አሉኝ።