«ሶፍትዌር ጥይት አይደለም» ያልከው ሰውዬ፣ ና እስቲ

ቆቁ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «ሶፍትዌር ጥይት አይደለም፣ ኢንጂነሩ የታሰረው በግፍ ነው» ብሎ ጥሎን ጠፋ። ደሜን ነው ያፈላው። ኢንጂነሩ ሱሬሽ ስሪስካንዳራጃ ነው፣ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ካናዳዊ። ለታሚል ነብሮች፣ ስሪላንካ ውስጥ ለታሚሎች ነፃ አገር ሲዋጋ ለነበረው ታጣቂ ድርጅት፣ የሰርጓጅ መርከብ መንደፊያ ሶፍትዌርና የሌሊት ማያ መሣሪያ ለማስገዛት ሲያግዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ብሩክሊን ፍርድ ቤት በገዛ አፉ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ግፉ የቱ ጋ ነው?

የማታ ተረኛ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልጠፋሁም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሁንም ሶፍትዌር ጥይት አይደለም። ሰርጓጁ የታለ? ማንን አሰጠመ?

የሕግ ሰው፦ ወንድሜ፣ ሴራ እኮ ነው ክሱ። መርከቡ ባሕር እስኪገባ አይጠበቅም። አሜሪካ ነብሮቹን እ.ኤ.አ. በ1997 አሸባሪ ብላ መዝግባለች።

የማታ ተረኛ፦ እናንተ ጋ ምክርም ወንጀል ነው! እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው 6 ለ 3 ምን አለ? እንዲህ የተመዘገበን ድርጅት ሰላማዊ ድርድር ማስተማር እንኳ «ድጋፍ» ነው አለ። ነገ ካልኩሌተር ያዋሰም ይታሰራል።

ብረት ቀጥቃጭ፦ እኔ ኢንጂነር ነኝ። ካልኩሌተር አትበል፣ ታስቃለህ። የሰርጓጅ አካል በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚጨፈለቅ የምታሰላበት ነገር ነው። እነዚያ ደግሞ ጀልባ ሙሉ ፈንጂ ጭነው ከመርከብ ጋር የሚያላትሙ ናቸው። ዓሣ ሊያጠምዱበት ነው?

ዝምተኛዋ፦ እ.ኤ.አ. በ1983 በስሪላንካዋ ኮሎምቦ ውስጥ ታሚሎች ከነቤታቸው ሲቃጠሉ ማን ተከሰሰ? እሱን አትጠይቁም።

ቆቁ፦ እሺ፣ የህንዱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲን እ.ኤ.አ. በ1991 በአጥፍቶ ጠፊ የገደለውስ?

የማታ ተረኛ፦ ወሬ አታዙሩ። ሚሳኤል ሊገዙ ሲሉ የተያዙት የዚያው ድርጅት ሰዎች 25 እና 26 ዓመት ተከናነቡ። እሱ 2 ዓመት። ታዲያ ዳኛውም ሶፍትዌር ጥይት አይደለም ማለቱ አይደል?

የሕግ ሰው፦ ቅጣት ቀለለ ማለት ጥፋት የለም ማለት ነው? ጉድ እኮ ነው።

ዝምተኛዋ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ካናዳ አሳልፋ ስትሰጠው ነብሮቹ ካለቁ 3 ዓመት አልፏቸው ነበር። የሞተ ነብር አበላህ ተብሎ!

ቆቁ፦ ሲያበላው ግን ይናከስ ነበር።

የማታ ተረኛ፦ ብረት ቀጥቃጭ፣ ለመሆኑ አንተ የቱን መርከብ ሠርተህ ነው ኢንጂነር የሆንከው?

ብረት ቀጥቃጭ፦ ዲግሪዬን ልላክልህ?

የማታ ተረኛ፦ ላክ። ዲግሪም ጥይት አይደለም።

ቆቁ፦ ይኸው ደግሞ ጀመረው!