እናቴ ቡና ቆልታ ትረሳለች፤ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

ጥያቄ፦ ሊያ (አዲስ አበባ)

እንደምን አላችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። ነገር መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ የሚጠፋት የዕቁቡ ቀን ነበር፤ አሁን ቡናውን ራሷ ቆልታ፣ ጀበናው ተጥዶ እያለ «ኧረ ቡና አይቆላም እንዴ ዛሬ?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት የወርቅ ቀለበቷ ጠፋና ሠራተኛችንን «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» ብላ አስለቀሰቻት። በኋላ በርበሬ ጣሳ ውስጥ አገኘነው። ማታ ማታ ደግሞ ነጠላዋን ለብሳ «ወደ ቤቴ ልሂድ» ትላለች፤ 40 ዓመት የኖረችው እዚሁ ቤት ነው! አሜሪካ ያለው ወንድሜ በስልክ ሲያወራት ደህና ስለምትመስለው «አታጋኚው፣ እርጅና ነው» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ነርሷ

እህቴ፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። የራስን ቤት አለማወቅ ግን «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም። የመርሳት በሽታ ብዙ ዓይነት አለው፤ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ነው። እሱ ነው ከመባሉ በፊት ግን የሚታከሙትን አስፈትሹ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ራሱ ያስረሳል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርም፣ ድባቴም እንደዚሁ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ ለእንቅልፍና ለአለርጂ ተብለው የሚገዙ አንዳንድ ክኒኖች አረጋውያንን ያደናግራሉ። በቅርብ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪ። መደናገሩ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የሽንት ኢንፌክሽን ብቻውን እንኳ እንዲህ ያደርጋል።

መልስ፦ የአባቱ ልጅ

አባቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። «ቤቴ ልሂድ» ሲሉሽ አትከራከሪ። እኔ ስከራከር ቡጢ እስከ መሰንዘር ደርሶ ነበር፣ በሕይወቱ ሰው መትቶ የማያውቅ ሰው። በኋላ ብልሃቱ ገባኝ፦ ጋቢውን አለብሰውና «እሺ አባዬ፣ ልሸኝህ» ብዬ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረን እንመለሳለን። በራችን ላይ ስንደርስ «ይኸው ደረስን» ብሎ ይገባ ነበር። የጋዙን ሲሊንደር ማታ ዝጊ። ስልክ ቁጥርሽን ጽፈሽ ኪሳቸው ውስጥ ክተቺ። ለሠራተኛዋም በሽታው መሆኑን ለብቻዋ አስረጃት፣ ይቅርታም ጠይቂያት፤ እሷን ካጣሽ አለቀልሽ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እዚህ ሐኪሙ እናቴን «ዓመቱ ስንት ነው?» ቢላት «2016» አለች። በፈረንጆቹ 2024 ነበር፣ ስህተት ብሎ ጻፈባት! ወንድምሽ አንድ ቀን ወደዚህ ካመጣቸው ይህን ይወቅ። እዚያም ቢሆን እናትሽ ፊደል ካልቆጠሩ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ «ሰዓት ሣዪ» የሚለው ፈተና እስክሪብቶ ይዛ የማታውቅን ሴት አይመዝንም።

መልስ፦ ወለተ

ጸበል ውሰጃቸው እህቴ።

መልስ፦ ነርሷ

ጸበሉም ይሁን፤ የስኳሩ መድኃኒት ግን አይቋረጥ፣ ባዶ ሆዳቸውንም አይዋሉ።

ሊያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም 46 ሞልቶኛል፤ ይወረሳል እንዴ?

መልስ፦ ነርሷ

ከወላጅ በቀጥታ የሚወረሰው ዓይነት በጣም ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀርልሽም ማለት አይደለም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የላንሴት ኮሚሽን (ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች) ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱ ላይ ቢሠራ ከበሽታው ወደ 45 ከመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት አሉበት። የጆሮ መድከምም አለበት፣ ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ግፊትሽን ዛሬውኑ ተለኪ፣ የእናትሽንም ጆሮ አሳዪ። ቡናው ላይ ጎረቤት መጥራቱንም አትተዉ፤ ሁለቴ ቢቆላስ ምን አለበት?

ሊያ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ቢ12ቷ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ መርፌ ጀምራለች። ሐኪሙ ግን ሁሉም ከእሱ ላይሆን ይችላል ብሎ ለጭንቅላት ምርመራ ቀጥሯታል። ወንድሜን በቪዲዮ፣ ያውም በማታ፣ አገናኘኋቸው። ትክ ብላ አየችውና «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ዝም አለ። በማግስቱ ደውሎ «ማታ ማታ የሚያግዝሽ ሰው ፈልጊ፣ ደመወዙን እኔ እልካለሁ» አለኝ። አሁን ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች፣ ልሸኛት ነው።