ከፋሲካ በኋላ ወተት ለምን ይጣላናል?

የሱሉልታው፦
እንኳን አደረሳችሁ። 55 ቀን ጾሜ እሁድ ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ጭልጥ አደረግኩ። ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ መጸዳጃ ቤታችን አንድ ነው! በየዓመቱ እንዲሁ ነኝ። ባለቤቴ «ስትጾም ወተት የሚፈጨው ኢንዛይም ጠፍቶ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ወተት የለመዱት የአንጀቴ ባክቴሪያዎች ጾሙን ሳይችሉት ሞተው ነው እላለሁ። ፍረዱን።

በላይ፦
ሚስትህ ልክ ናት። ያልሠራህበት ቢላ ይዝጋል።

ነርሷ፦
በላይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ላክቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚሠራው የትንሹ አንጀት ግድግዳ ነው። ብዙ ሰው ላይ ጡት ከጣለ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የሚወስነው ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመል ነው፤ ወተት ጠጣህ አልጠጣህ አይመለስም፣ በጾምም አይጠፋም። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ነው። ሳይፈጭ ያለፈው የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ይቀራመቱታል። ጩኸቱ የእነሱ ድግስ ነው። ወተት አለመፈጨቱን ለማወቅ በሚደረግ የትንፋሽ ምርመራ የሚለካውም እነሱ የሚያመነጩት ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ይሻላል፣ «ሞተው» ያለውን ብንተወው። ይሳሳሉ እንጂ አያልቁም።

የሱሉልታው፦
ይቺን ስክሪንሾት አድርጌ ለባለቤቴ አሳየኋት። «ነርሷን ማን አውቋት» አለች።

በላይ፦
ቆይ ቆይ። ጋዙን የሚያወጡት ባክቴሪያዎቹ ከሆኑ፣ በጾም ሲሳሱ ጋዙም መቀነስ ነበረበት። እንዴት ባሰበት?

ነርሷ፦
ይሄ ጥያቄ ነው! ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ቢፊዶባክቴሪያ ያሉት ላክቶስን ወደ አሲድ ይለውጡታል እንጂ ጋዝ አያወጡም። ላክቶስ በየቀኑ ሲደርሳቸው እነዚህ ይበዛሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። በየቀኑ ላክቶስ እየጨመሩ የወሰዱት ሰዎች ሰገራ ውስጥ የባክቴሪያዎቹ ላክቶስ ፈጪ ኢንዛይም ጨመረ፣ የትንፋሽ ሃይድሮጂናቸው ደግሞ ወረደ። እንግዲህ ኢንዛይምም ባክቴሪያም ተነካክተዋል፤ ኢንዛይሙ ግን የአንተ ሳይሆን የእነሱ ነው። ሁለት ወር ስታቋርጥ ልምምዱ ይፈርሳል የምለው የራሴ ግምት ነው።

የሰላሌ ልጅ፦
ይህ ሁሉ ጣጣ ወተቱን ስለምታፈሉት ነው። ጥሬ ወተት የራሱ ኢንዛይም አለው። አያቴ እንደታለበ ትኩሱን ነበር የምትጠጣው፤ አንድ ቀን ሆዴን ብላ አታውቅም።

ላብ ቴክኒሽያን፦
ወንድሜ፣ ላክቴዝ ጥሬ ወተት ውስጥ የለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ወተት የማይስማማቸውን 16 ሰዎች ጥሬውንም ፓስቸራይዝድ የሆነውንም (ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመውን) አጠጧቸው። ጥሬው ምንም አላቀለለላቸውም። ትርፉ ብሩሴሎሲስ፣ ከጥሬ ወተት የሚተላለፈው በሽታ፣ እንዳይሆን። ይልቅ እርጎ በለኝ፣ እሰማሃለሁ። የእርጎ ባክቴሪያዎች ላክቶስ ፈጪውን ኢንዛይም ይዘው ይገባሉ፤ ሆድ ውስጥም መፍጨታቸውን አያቆሙም። የቤታችን እርጎ ግን በፋብሪካ እርሾ አይረጋም። በወተቱና በቅሉ ውስጥ ባለው ነው የሚረጋው። ከቤት ቤት ይለያያል፤ የጎረቤትህ ቢስማማህ የእናትህ ላይስማማህ ይችላል።

ከዋሽንግተን፦
እዚህ ላክቶስ የሌለው ወተት ነው የምገዛው። ላክቴዙን ፋብሪካ ውስጥ ይጨምሩበታል። ስኳሩ ተከፋፍሎ ስለሚጠብቅህ ጣፈጥ ይላል። ቡና ላይ ሳደርገው ስኳር ቀንሻለሁ። ክኒኑም አለ፤ ከወተቱ ጋር ካልተዋጠ ግን ዋጋ የለውም።

በላይ፦
እኔ ለክኒን ገንዘብ አላወጣም። ባክቴሪያ በነጻ የሚሠራልኝን!

ነርሷ፦
እሱስ እውነት ነው። ግን በትልቅ ብርጭቆ አትጀምር። ሩብ ሊትር ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። ያንን ከምግብ ጋር ብዙ ሰው ይችለዋል። በባዶ ሆድ ጭልጥ ማድረግ ሌላ ነው።

እማማ፦
ልጆቼ፣ ወተቱን ብቻ ትከሳላችሁ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ልጅ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምን በላ?

የሱሉልታው፦
እማማ… ዶሮ ወጥ። ትንሽ ነው።

የሱሉልታው ባለቤት፦
ሦስት እንጀራ ነው። ሁለት እንቁላል፣ ክትፎና የእንግዳው ጠላም አለ። እኔ ቆጥሬያለሁ።