ጥቆማ፦ የፓነል መስመር በምን እንጫር?

ሞዴል አውሮፕላን የምትገጣጥሙ ሰሞኑን ስለ ስክራይበር፣ ማለትም የፓነል መስመር (የአውሮፕላኑ ቆርቆሮዎች የሚጋጠሙበትን ስስ መስመር) ፕላስቲኩ ላይ ስለምንጭርበት መሣሪያ፣ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። አንድ ላይ ልመልስ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) ዲሲ-3 ነው። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47 የዚሁ ዘር ነው። ኪቱ (የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ስብስብ) የድሮ ስለሆነ መስመሮቹ ወደ ውስጥ የገቡ ሳይሆኑ ወደ ላይ ያበጡ ናቸው። መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ስታሹት አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ እንደገና መጫር ግድ ነው።

ርካሹ የስፌት መኪና መርፌ ነው፤ መርካቶ ሞልቷል። ችግሩ ፕላስቲኩን አያነሳም፣ ወደ ጎን ይገፋዋል። ግራና ቀኝ ከንፈር ያወጣል፣ እሱን ደግሞ ማሸት አለባችሁ። ለክብ ነገር ግን፣ ለነዳጅ ክዳን ለምሳሌ፣ ከመርፌ የሚሻል አላየሁም።

ባለመንጠቆዎቹ ስክራይበሮች፣ የታሚያና የኦልፋ ኩባንያ ዓይነቶቹ፣ በትክክል ይፍቃሉ። ቀጭን ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወጣ ታያላችሁ። የኦልፋው እንዲያውም የተሠራው አክሪሊክ ለመቁረጥ ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ሠሪዎችን ጠይቁ፣ ተመሳሳዩ አይጠፋቸውም። መስመሩ ሲጠልቅ ግን ይሰፋል። 0.2 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል አይደል? በ72 አባዙት፤ 14.4 ሚሊሜትር። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ትንሿ ጣት የምትገባበት ስንጥቅ ማለት ነው!

ምርጡ የጃፓኑ ቢኤምሲ ቺዝል (ትንሽ መሮ) ነው። በጣም ጠንካራ ከሆነው ቱንግስተን ካርባይድ የተሠራ ነው፣ ከ0.1 ሚሊሜትር ጀምሮ አለው፣ ጥርት ያለ ቦይ ያወጣል። ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን አለባችሁ፣ ሲወድቅም ይሰበራል። የእኔ ሴራሚክ ላይ አንዴ ወደቀ፣ በቃ። ለጀማሪ አልመክርም።

እኔን ያዳነኝ ፒያሳ የማውቃቸው ወርቅ ሠሪ ናቸው። (አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ ቦታ ቀይረዋል፤ ፈልጌ ነው ያገኘኋቸው።) የተሰበረ መርፌ ይዤ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ዘይት ጠብ አደረጉና ጫፉን በአንድ ጎን ብቻ ሞረዱት፣ እንደ ትንሽ መሮ። በሌንስ አዩት፣ ደገሙት። ከዚያ እጄን አይተው፦

«ልጄ፣ አትጫነው። ሳበው። ብረቱ ራሱ ይሂድ።»

እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች መርፌው መንገዱን እንዲይዝ ብቻ ናቸው፤ ክብደት አትጨምሩ። የእኔ ክንፍ ላይ የተንሸራተተው መስመር በችኮላ የመጣ ነው። በሱፐር ግሉ ሞላሁት። እሱን ውሎ ሳያድር እሹት፣ ካደረ ከፕላስቲኩ ይብስ ይጠነክራል።

አንድ ነገር ግን ከመሣሪያው በላይ ነው፦ መምሪያው፣ መስመሩ ቀጥ እንዲል ሞዴሉ ላይ ለጥፈን መርፌውን ጠርዙን አስይዘን የምንስብበት። ናስትሮ ሞክሬያለሁ፤ ለስላሳ ስለሆነ ይለጠጣል፣ መስመሩም ይጣመማል። የሚሻለው የዳይሞ (ጽሑፍ እያሳበጠ የሚያትመው የቢሮ ማሽን) ወፍራም ተለጣፊ የፕላስቲክ ሌብል ነው። ቢሯችሁ ውስጥ አቧራ የጠጣ የዳይሞ ማሽን ያላችሁ፣ ጥቅልሉን እንዳትጥሉት። እኔ አለሁ።