ቁጥር የእኩል ምልክትን «ሲሻገር» ምልክቱ የሚቀየረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መስመራዊ እኩልዮሽን ስንፈታ «ቁጥሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ተብለን ተምረናል። ይሁን እንጂ −3ሀ + 7 = 19 በሚለው ውስጥ 7 ተሻግሮ −7 ሲሆን፣ −3 ግን ተሻግሮ ሲያካፍል የመቀነስ ምልክቱን እንደያዘ ይቀራል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1፦ በእርግጥ የሚሻገር ነገር የለም፤ አባባሉ ለፍጥነት ሲባል የተለመደ አቋራጭ ነው። ትክክለኛው ሕግ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ስሌት መፈጸም ነው። 7 የተደመረ ስለሆነ ከሁለቱም ጎን 7 ስንቀንስ −3ሀ = 12 ይሆናል። −3 ግን ሀን የሚያባዛ እንጂ የተደመረ ስላልሆነ፣ የሚወገደው በማባዛት ተቃራኒ፣ ማለትም ሁለቱንም ጎን ለ−3 በማካፈል ነው፤ ስለዚህ ሀ = −4። ይህን መልሰው ቢተኩት −3(−4) + 7 = 12 + 7 = 19 ይሰጥዎታል።

መልስ 2፦ በማብራሪያው እስማማለሁ፤ ሆኖም ተማሪን ይበልጥ የሚያሳስተው ክፍልፋይ ይመስለኛል። (ሀ − 1)/2 − (ሀ − 3)/3 = 1 የሚለውን በሙሉ በ6 ስናባዛ 3(ሀ − 1) − 2(ሀ − 3) = 6 ይሆናል፤ እዚህ ላይ −2 በቅንፉ ውስጥ ያለውን −3 ጭምር ስለሚያባዛ የሚገኘው +6 እንጂ −6 አይደለም። በትክክል ሲሠራ ሀ + 3 = 6፣ ሀ = 3 ይሆናል፤ ምልክቱን የዘነጋ ግን 15 ያገኛል። 15ን ቢተካ ግራው ጎን 3 ስለሚሆን ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

መልስ 3፦ ተለዋዋጩ ከሁለቱም ጎን ቢጠፋም አይደናገጡ። 2ሀ + 5 = 2ሀ + 1 ወደ 5 = 1 ስለሚያደርስ መፍትሔ የለውም፤ 2(ሀ + 1) = 2ሀ + 2 ግን ለማንኛውም ሀ እውነት ነው።